«ሲብስብሽ እየዳንሽ ነው» ተባልኩ፦ ሉፐስና ስውር ባክቴሪያ የሚባለው ነገር

ማለዳ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ስለሚረዝም አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት፣ ኦቶኢሚዩን የሚባል ዓይነት ሕመም) እንዳለብኝ ከታወቀ 6 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሀይድሮክሲክሎሮኪንና ፕሬድኒሶሎን ስወስድ ቆይቻለሁ፤ መጠኑ እንደ ሕመሙ ሁኔታ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይል ነበር። መድኃኒቱ ፈጽሞ አዳነኝ ባልልም ሥራ ሠርቼ፣ ልጅ አሳድጌ እንድኖር አስችሎኛል። ሆኖም የፊቴ ማበጥ፣ የእንቅልፌ መዛባትና በየጊዜው ደም መቀዳቱ ሰልችቶኛል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ይህ ሕመም ከየት መጣብኝ?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር የሚሰጠኝ «መንስኤው በውል አይታወቅም» የሚል መልስ ተስፋ አስቆርጦኛል።

ከ4 ወር በፊት፣ ኦቶኢሚዩን የሚባል በሽታ ከነጭራሹ የለም የሚሉ ሰዎች ካሉበት ስብስብ ጋር ተዋወቅሁ። እንደ እነሱ አባባል የሰውነት መከላከያ ራሱን አያጠቃም፤ የሚዋጋው በሴሎቻችን ውስጥ የተሸሸገ፣ የውጭ ግድግዳውን ጥሎ ከምርመራ የሚሰወር ባክቴሪያን ነው፤ ሐኪሞች የሚያዙልን መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ደግሞ ለዚያ ባክቴሪያ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትለታል። ስለዚህ መድኃኒቱን እየቀነሱ መተው፣ አነስተኛ መጠን ያለው አንቲባዮቲክ ለዓመታት መውሰድ፣ ከፀሐይና ከቫይታሚን ዲ መራቅ ያድናል ይላሉ። ይህን በሰማሁ ቀን አልቅሻለሁ፤ ያለቀስኩትም ከደስታ ነው። ሕመሜ ምክንያት እንዳለውና ምክንያቱም ሊወገድ እንደሚችል የነገረኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ከ5 ሳምንት በፊት ሀይድሮክሲክሎሮኪኑን አቆምኩ፤ ፕሬድኒሶሎኑን ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 አወረድኩ፤ ሚኖሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክም በእነሱ ምክር ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አብጠው ስለሚነሡ ቀለበቴ አልገባ ብሏል። ማታ የእግሬን አገዳ በአውራ ጣቴ ስጫነው ቦታው ጎድጉዶ ይቀራል፤ የካልሲዬ ላስቲክ ያረፈበትም እስኪነጋ ድረስ ምልክቱ አይጠፋም። ሽንቴ አረፋ ይደፍቃል፤ አረፋውም ቶሎ አይከስምም። ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሬ እየመዘገብኩ ለስብስቡ ሳቀርብ «ባክቴሪያው ሲሞት መርዝ ይለቃል፤ ሲብስብሽ እየዳንሽ ነው» ይሉኛል። አንድ ሳምንት ሻል ሲለኝም ያው መዳን ነው ተባልኩ። «እንግዲያው መድኃኒቱ እንዳልሠራልኝ የማውቀው በምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። መልስ የሰጠኝ የለም፤ አንዲት ሴት ብቻ ጥርጣሬ ራሱ ፈውስን እንደሚያዘገይ ጻፈችልኝ።

የምለምናችሁ በእነዚያ ሰዎች ላይ እንዳትዘባበቱባቸው ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሕመሙ አላስተኛ ሲለኝ የሚመልሱልኝ እነሱ ብቻ ናቸው። የምፈልገው የነገሩን እውነትነት በቅንነት የሚያስረዳኝ ሰው ነው።

ተረኛ ጻፈ፦

ወይዘሮ ማለዳ፣ የመገጣጠሚያና የኦቶኢሚዩን በሽታዎች ሐኪም ነኝ። ስለ ባክቴሪያው ክርክር ተመልሼ በሰፊው እጽፋለሁ፤ አሁን ግን አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሉፐስ ያለበት ሰው ሽንቱ አረፋ ሲደፍቅና እግሩ ሲያብጥ ኩላሊቱ ፕሮቲን እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ሉፐስ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ የተነሣ ነው። የሽንት ፕሮቲን፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ክሬያቲኒንና የደም ግፊት ምርመራ ዛሬ ካልሆነ ነገ ሳይመሽ ያድርጉ። ፕሬድኒሶሎኑን ደግሞ ከዚህ በታች በራስዎ አይቀንሱ፤ በፍጹምም በአንድ ጊዜ አያቁሙ። ለዓመታት ሲወስዱት የኖሩ ስለሆነ አድሬናል የሚባሉት እጢዎችዎ ኮርቲሶል የተባለውን የራሳቸውን ሆርሞን ማምረት ዘንግተው ሊሆን ይችላል፤ በድንገት ሲቋረጥ የደም ግፊት ወርዶ ሕይወትን እስከማሳጣት ይደርሳል።

ዋርካ ጻፈ፦

እህቴ ማለዳ፣ ዶክተሩ ያለሽን ምርመራ አድርጊ፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የስውር ኢንፌክሽን ጉዳይ ተረት ነው ተብሎ እንዳይጣል የራሴን ልናገር። ሪህማቶይድ አርትራይተስ የተባለው መገጣጠሚያን የሚያስቆጣ ኦቶኢሚዩን ሕመም ይዞኝ እጄ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ተስኖት ነበር። ባለቤቴ ታለብሰኝ ነበር፤ አንድ ጎልማሳ ሰው በሚስቱ እጅ እንደ ሕፃን ሲለብስ የሚሰማውን የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ከዚያ ሚኖሳይክሊን ጀመርኩ። በ4ኛው ወር ቁልፌን ራሴ ቆለፍኩ። እነሆ 3ኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ሐኪሞች ቀድሞም ተሳስተው ያውቃሉ። የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት ይመጣል ሲሉን ኖሩ፤ በኋላ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ። ማርሻል ሰሚ ቢያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ኦቶኢሚዩን የምንለው ነገ እንዲህ እንደማይሆን ማን ያውቃል? ቸኩሎ ሰውን ተላላ ማለት አይገባም።

ማይክሮስኮፕ ጻፈች፦

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሰዎች የጣት ደማቸውን መደቡን አጨልሞ ቅንጣቶችን አብርቶ በሚያሳይ ማይክሮስኮፕ በስክሪን ላይ እያዩ «ይኸው የሚንቀሳቀሰው ባክቴሪያ» ተብለው ወደ እኛ ይመጣሉ። በስክሪን ላይ ያዩት ነገር በእርግጥ አለ፤ ይንቀሳቀሳልም፤ ስለዚህ ዋሽታችኋል ማለት አይገባም። የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። አንዲት የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ስትቆይ ጠርዟ ይደርቃል፤ ቀይ ሕዋሳቱ እንደ ሳንቲም ይደራረባሉ፤ ጥቂት ቆይተውም እሾህ ያበቅላሉ፤ ደምን የሚያረጉት የፋይብሪን ክሮች ይዘረጋሉ፤ የተሰባበሩ ሕዋሳት ቅንጣቶችም በፈሳሹ እየተገፉ ሲርመሰመሱ ሕይወት ያላቸው ይመስላሉ። የእኔን ደም በዚያው መንገድ ብታዩት ያንኑ ታያላችሁ፤ አድርጌም አይቸዋለሁ።

በደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን ስንጠረጥር ከተለያየ ቦታ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ደም እንወስዳለን፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ 8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር እንጨምራለን፤ ብዙውን ጊዜ 5 ቀን በሙቀት ሣጥን እናቆያለን። ከሁለት ቦታ የምንወስደው ከቆዳ ላይ የገባ ባክቴሪያ እንዳያሳስተን ነው፤ በአንዱ ብቻ የቆዳ ባክቴሪያ ቢበቅል ብዙ ጊዜ ብክለት ነው እንላለን። የዘረመል ምርመራም ከዚህ አያመልጥም፤ የምንጠቀምባቸው ኬሚካሎች ራሳቸው የባክቴሪያ ዘረመል ቅሪት ስለሚኖራቸው ከባዶ ናሙና ጋር ሳይወዳደር የተሰጠ ውጤት አይታመንም።

ግድግዳ የሌለው ባክቴሪያ ስለሚባለው፦ ነገሩ ፈጠራ አይደለም። ኤሚ ክሊኔበርገር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 በሊስተር ኢንስቲትዩት ገልጻዋለች፤ ኤል ቅርጽ የሚለው ስያሜም ከሊስተር የመጀመሪያ ፊደል የመጣ ነው። በላቦራቶሪ ማብቀል ይቻላል። ነገር ግን አንድ ነገር በጠርሙስ ውስጥ መኖር መቻሉና የወይዘሮ ማለዳን መገጣጠሚያ ያሳበጠው እሱ መሆኑ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ማንም በማስረጃ ተሻግሮ አላሳየም።

ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው የእኛም ምርመራ ሊያሳስት እንደሚችል ነው። ኤኤንኤ የተባለው የሉፐስ ምርመራ የደሙ ፈሳሽ 80 ጊዜ ቀጥኖ (1፡80) ሲመረመር ከ100 ጤነኛ ሰዎች በ13ቱ ገደማ አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። በእሱ ብቻ ሉፐስ አለብሽ የተባለች ሴት ብትጠራጠር እውነቷን ነው።

ጥላ ሥር ጻፈች፦

ማለዳ እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔ የታመምኩት መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው አንጎልንና ነርቭን የሚጎዳ ኦቶኢሚዩን ሕመም ነው። የገባሁበት ስብስብ ያለኝ ደግሞ አንቺ ከተባልሽው ፍጹም ተቃራኒውን ነበር፦ ኦቶኢሚዩን ሁሉ የሚመጣው ከቫይታሚን ዲ እጥረት ስለሆነ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩኒት መውሰድ አለብሽ ተባልኩ። ወሰድኩ። አፌ ይደርቅ፣ ሌሊት ሌሊት ውኃ ይጠማኝ፣ ሆዴም ይደርቅ ጀመር። ይህን ስነግራቸው የመለሱልኝ ዓረፍተ ነገር በአንቺ ጽሑፍ ውስጥ ቃል በቃል አለ፤ «ሲብስብሽ እየዳንሽ ነው» አሉኝ። ለአንቺ ቫይታሚን ዲ መርዝ ነው ተባለ፣ ለእኔ መድኃኒት ነው ተባለ፤ ሁለታችንም ግን ስንታመም የሰማነው ማጽናኛ አንድ ነው።

በደሜ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ አልፎ ኩላሊቴን ጎድቶ ነበር። ቫይታሚኑን አቁሜ በሆስፒታል በፈሳሽ ታከምኩ፤ ኩላሊቴ ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም። ያንን ዓረፍተ ነገር ስትሰሚ የቆምሽበት ቦታ እኔም የቆምኩበት መሆኑን እንድታውቂ ብዬ ነው።

ተረኛ ጻፈ፦

ቃል በገባሁት መሠረት ተመልሻለሁ። አቶ ዋርካ ያነሡትን ማንሳቴ አይቀርም፤ ምክንያቱም ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

ኢንፌክሽን የሰውነት መከላከያን በራሱ ላይ ሊያስነሣ እንደሚችል ሐኪሞች አይክዱም፤ የምናስተምረውም ይህንኑ ነው። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ የሩማቲክ ትኩሳት ሊይዘው ይችላል፤ መከላከያው ባክቴሪያውን ለመውጋት የሠራው መሣሪያ የልብን ቫልቭ ከባክቴሪያው ጋር ስላመሳሰለው ልቡን ይወጋዋል። ካምፒሎባክተር የተባለ ባክቴሪያ ያስከተለው ተቅማጥ ካለፈ በኋላ እግር የሚያሽመደምደው ጉሊያን ባሬ ሊከተል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብ መርምሮ በኤፕስታይን ባር ቫይረስ የተያዙት ሰዎች በመልቲፕል ስክለሮሲስ የመያዝ ዕድላቸው በ32 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጥላ ሥር፣ ይህ የእርስዎን ሕመም የሚመለከት ነው።

እንግዲህ ልዩነታችን የት ላይ ነው? እሳቱን የለኮሰው ክብሪት ወድቆ ከጠፋ በኋላም ቤቱ መንደዱን ይቀጥላል። የሩማቲክ ትኩሳት ለያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የምንወጋው በልቡ ውስጥ የተሸሸገ ባክቴሪያን ልንገድል ብለን አይደለም፤ አዲስ የጉሮሮ ኢንፌክሽን መጥቶ ዳግመኛ እንዳይለኩሰው ነው። የተጎዳውን ቫልቭ ግን የትኛውም የፔኒሲሊን መጠን አይጠግነውም። የስውር ባክቴሪያ አስተምህሮ የሚስተው ይህን ነው፤ መነሻውንና አሁን ያለውን አንድ ያደርጋቸዋል።

አንዳንዴ ደግሞ በእርግጥ ባክቴሪያው አሁንም ያለበት ሕመም ይገኛል። ዊፕል የሚባለው በሽታ ለዓመታት መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ብዙ ታማሚዎችም ሪህማቶይድ አርትራይተስ ነው ተብለው መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሲወስዱ ይብስባቸዋል። ጆርጅ ዊፕል በ1907 ገለጸው፤ ባክቴሪያው በዘረመሉ ማንነቱ የተለየው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በላቦራቶሪ ለማብቀል የተቻለው ደግሞ በ2000 ገደማ። ዛሬ የአንጀት ናሙና ተወስዶ በልዩ ቀለም ይታያል፤ ባክቴሪያው ከተገኘ በአንቲባዮቲክ ይታከማል፤ ታማሚው ብዙውን ጊዜ ይድናል። ስለዚህ አቶ ዋርካ «ሐኪሞች ተሳስተው ያውቃሉ» ማለትዎ ልክ ነው። ማርሻልና ዋረን ያሸነፉት ግን ባክቴሪያውን አብቅለው፣ ለሌሎች ሰጥተው፣ ሲገደል ቁስለቱ ተመልሶ እንደማይመጣ በንጽጽር ስላሳዩ ነው። ባክቴሪያው ጠፍቶ ቁስለቱ ቢመለስ ኖሮ ሐሳባቸው ይወድቅ ነበር፤ ይህን አውቀው ለፈተና አቀረቡት። ወይዘሮ ማለዳ ስብስቡን የጠየቁትም ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ በሕክምና ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

አሁን ወደ «ባክቴሪያው ሲሞት ይብሳል» ልመለስ። ይህም ከእውነት የተቆረሰ ነው። ያሪሽ በ1895፣ ሄርክስሃይመር በ1902 ቂጥኝ በሚታከምበት ጊዜ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት እንደሚከሰት ጽፈዋል። በቅማል በሚተላለፈው ግርሻ ላይ ደግሞ ብርቱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሚጀምረው ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በሰዓታት ውስጥ ነው፤ በአብዛኛው በአንድ ቀን ገደማ ያልፋል። 5 ሳምንት አይዘልቅም፤ በየሳምንቱ አይደጋገምም፤ ሽንትንም አረፋ አያደርግም። የአንድ ቀን ክስተት ስም ተወስዶ ለወራት ሥቃይ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።

ሀይድሮክሲክሎሮኪን የወባ መድኃኒት ስለነበር «ሉፐስም ኢንፌክሽን ለመሆኑ ማስረጃ ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። መድኃኒቱ በሴል ውስጥ ያሉትን የመፍጫ ከረጢቶች አሲድነት ለውጦ የመከላከያውን የተሳሳተ የማንቂያ ምልክት ያበርዳል፤ ወባ ላይም ሉፐስ ላይም መሥራቱ ሁለቱን አንድ በሽታ አያደርጋቸውም። በ1991 በካናዳ የታተመ ጥናት ሕመማቸው ከተረጋጋላቸው 47 የሉፐስ ታማሚዎች መካከል ከፊሉን መድኃኒቱን አስቀጥሎ ከፊሉን መድኃኒት አልባ ክኒን ሰጥቶ ሲያነጻጽር፣ ያቋረጡት በ24 ሳምንት ውስጥ ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ 2 ተኩል እጥፍ ሆነባቸው። የእርስዎ 5 ሳምንት በዚህ ውስጥ ነው።

ሚኖሳይክሊንን በተመለከተ ለሁለታችሁም የምለው አለ። በ1995 የታተመ ጥናት 219 የሪህማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎችን ለ48 ሳምንት ተከታትሎ ሚኖሳይክሊን መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አሳይቷል፤ ስለዚህ አቶ ዋርካ መሻሻላቸው የሚያስገርም አይደለም፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ይሁንና መድኃኒቱ ባክቴሪያ ባይኖርም መቆጣትን ያበርዳል፤ የመገጣጠሚያን ለስላሳ አጥንት የሚበሉ ኢንዛይሞችንም ይገታል። መሥራቱ የኢንፌክሽን ማስረጃ አይሆንም። በሌላ በኩል ሚኖሳይክሊን ራሱ ሉፐስን የሚመስል ሕመምና የጉበት ኦቶኢሚዩን ሕመም ሊያመጣ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ቆዳን ያጠቁራል። ለሉፐስ ታማሚ ከአንቲባዮቲኮች ሁሉ እሱን መምረጥ አላስተዋይነት ነው።

ስለ ቫይታሚን ዲም ሥሩ ይታወቅ። ሳርኮይዶሲስ በሚባለው ሕመም ውስጥ የተቆጡት ሕዋሳት ቫይታሚን ዲን በራሳቸው ወደ ኃይለኛው ዓይነት ይለውጡታል፤ ካልሲየምም ይጨምራል። ለእነዚያ ታማሚዎች ጥንቃቄው ትክክል ነው። ይህ የአንድ በሽታ እውነት ግን ለሁሉም ኦቶኢሚዩን ሕመም ተሠራጨ። በ2022 የታተመ፣ 25,871 ሰዎችን ለ5 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ የወሰዱት በኦቶኢሚዩን ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ22 በመቶ እንደቀነሰ አግኝቷል። ይህ ገና ያልታመሙትን ስለመጠበቅ እንጂ በአሥር ሺዎች ዩኒት ስለማከም አይደለም። ሉፐስ ያለበት ሰው ከብርቱ ፀሐይ ቢጠበቅ መልካም መሆኑን ግን ስብስቡ በትክክል ነግሮዎታል፤ ምክንያቱ የተለየ ቢሆንም።

ከፍርሃታችሁ ውስጥ አንዱ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። የምናዝዘው መድኃኒት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ በሉፐስ ታማሚዎች ላይ ሞት ከሚያስከትሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱም ኢንፌክሽን ነው። ይህን በበቂ ሳናስረዳ መድኃኒት ጽፈን የምንለይ ሐኪሞች ብዙ ነን፤ ሰው ሌሊት ሌላ መልስ ፍለጋ ቢወጣ ጥፋቱ የእኛም ነው።

ማለዳ ጻፈች፦

ዶክተር፣ መጀመሪያ የጻፉልኝን መልእክት እንዳነበብኩ በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ቤት እያለሁ ሽንቴን በጠርሙስ ይዤ ስመለከተው አረፋው ከላይ እንደ ጥጥ ተኝቶ ነበር፤ 10 ደቂቃ ጠበቅሁ፣ አልጠፋም። በ24 ሰዓት የተጠራቀመው ሽንት ውስጥ 2.8 ግራም ፕሮቲን ተገኘ። የደም ግፊቴ 150 በ95 ነበር። ክሬያቲኒኔ ግን ገና አልተበላሸም ብለውኛል። ከኩላሊቴ ናሙና ወስደዋል። ነርሷ መርፌው ከገባበት ቦታ ላይ በእጇ ተጭና ስትቆይ ስለ ስብስቡ ነገርኳት፤ አልተቆጣችኝም፤ «ከእነሱ ጋር የምታወሪበት ሰዓት እኔ ተረኛ የምሆንበት ሰዓት ነው» አለችኝ።

ጋሼ ዋርካ፣ በእርስዎ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጥላ ሥር እህቴ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ከአንቺ አፍ ከሰማሁ በኋላ እንደ ቀድሞው ሊያጽናናኝ አልቻለም።

ለስብስቡ ውጤቴን ጻፍኩላቸው። ሁለት ሰዎች በደግነት መለሱልኝ፤ አንዱ የሆስፒታሉ ማሽን ባክቴሪያው የለቀቀውን መርዝ ፕሮቲን ብሎ ቆጥሮት ይሆናል አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ምንም ዓይነት ቁጥር ባመጣ የሚቀየር ነገር የለም።

ማይክሮስኮፕ ጻፈች፦

ስለ ማሽኑ ለተባለው ብቻ ልመልስ። በሽንት ውስጥ የምንለካው በዋናነት አልቡሚን ነው፤ አልቡሚን ጉበትዎ የሠራው የራስዎ የደም ፕሮቲን ነው፤ ባክቴሪያ አይሠራውም። በሽንቱ ውስጥ በኩላሊት ቱቦ ቅርጽ ተጣብቀው የወጡ ቀይ የደም ሕዋሳት ከታዩ ደግሞ ጉዳቱ በራሱ በኩላሊቱ ማጣሪያ ላይ መሆኑን ያመለክታል፤ ውጤትዎ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ።

ዋርካ ጻፈ፦

ማለዳ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ዶክተሩ ስለ ቆዳ መጥቆር የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ሱሪዬን ሰብስቤ እግሬን በመስኮት ብርሃን አየሁ። ሁለቱም አገዳዎቼ ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ጥላ አለ። ዓመት ሙሉ የደም ዝውውር ችግር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ጉበቴም ተመርምሮ አያውቅም፤ መድኃኒቱን የምገዛው በራሴ ነውና።

ሚኖሳይክሊን እጄን መልሶልኛል፤ ይህን ማንም ሊያስክደኝ አይችልም። ግን የጠቀመኝ ባክቴሪያ ገድሎ ነው ብዬ ለሌሎች ስናገር ቆይቻለሁ፤ ያንን እንደማላውቅ አሁን እቀበላለሁ። ዶክተር፣ በድንገት ባቆመው ይጎዳኛል?

ተረኛ ጻፈ፦

አቶ ዋርካ፣ ሚኖሳይክሊን እንደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም አደጋ የሚያስከትል አይደለም፤ ነገር ግን የመገጣጠሚያው መቆጣት ሊመለስ ስለሚችል ሌላ መድኃኒት ሳይተካ መተው አልመክርም። የጉበት ኢንዛይሞችንና ኤኤንኤን ያስመርምሩ፤ እግርዎንም ለሐኪም ያሳዩ። ለሪህማቶይድ አርትራይተስ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት የሚታዘዝልዎ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መሆኑን ደጋግመው ያረጋግጡ፤ በየቀኑ ወስደውት ለሞት የተዳረጉ ሰዎች አሉ።

ወይዘሮ ማለዳ፣ አንድ ማሳሰቢያ። ከአሁን በኋላ ትኩሳት ቢመጣብዎ በቤትዎ ሆነው «ሉፐስ ነው» ወይም «ኢንፌክሽን ነው» ብለው አይወስኑ። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። እኛም ራሳችን በአካላዊ ምርመራ ብቻ መለየት ስለሚያዳግተን ከደም ባክቴሪያ የማብቀል ምርመራና ሌሎች ምርመራዎች እናዛለን። ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ማለዳ ጻፈች፦

የናሙናው ውጤት መጣ፤ የኩላሊት ሉፐስ፣ ክፍል 4 (አብዛኞቹን የኩላሊት ማጣሪያዎች የያዘው ዓይነት)። ለ3 ቀን በደም ሥር ስቴሮይድ ተሰጠኝ፤ መከላከያን የሚያዳክመው ማይኮፌኖሌት የተባለ መድኃኒት ተጀመረልኝ፤ ሀይድሮክሲክሎሮኪኑም ተመለሰ። ሚኖሳይክሊኑን አቁሜያለሁ። ሐኪሜን «ይህ ሕክምና ካልሠራ በምን እናውቃለን?» ብዬ ጠየቅሁት። በወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ ፕሮቲኑ በ3 ወር ውስጥ ቢያንስ በሩብ፣ በ6 ወር ውስጥ በግማሽ ካልቀነሰ መድኃኒቱን እንቀይራለን። ወረቀቱን ደብተሬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

እብጠቱ መቀነስ ጀምሯል፤ ቀለበቴ ግን ገና አልገባም። የሽንት ምርመራው ሰኞ ጠዋት ይደገማል፤ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም እዚሁ እጽፈዋለሁ።